አልፍሬድ ስሎን

አልፍሬድ ፕሪቻርድ ስሎን (ሜይ 23 ቀን 1875 – ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1966 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ መሐንዲስና የኢንዱስትሪ መሪ ነበር። ከ1923 እስከ 1937 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት፣ ከ1937 እስከ 1956 ደግሞ የኩባንያው የዳይሬክተሮች ቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ ሠርቷል። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በተለይ ለአንድ ጥያቄ በሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ብዙ ፋብሪካዎች፣ ብዙ ዓይነት ምርትና በብዙ አገር ገበያ ያለው ኩባንያ የትኛውን አሠራር በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ማድረግ፣ የትኛውንስ ለየክፍሉ ኃላፊ መተው አለበት የሚል ነው። ስሎን ሒሳቡ፣ ሪፖርቱና የገንዘቡ ቁጥጥር አንድ ወጥ እንዲሆን፣ መኪና መሥራቱና መሸጡ ግን ለክፍሎቹ እንዲተው አደረገ። ይህ አሠራር በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች ተወርሷል። በዚህ ገጽ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ስሎን የተወለደው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ነው። አባቱ ቡናና ሻይ በጅምላ የሚነግድ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ስሎን ገና ልጅ ሳለ ወደ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ተዛወረ። ስሎን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1895 ተመረቀ። በ1898 አይሪን ጃክሰን የተባለች ሴት አገባ፤ ልጆች አልነበሯቸውም።

የኩሽኔታው ፋብሪካ

ከተመረቀ በኋላ ሥራ የጀመረው በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ ሃያት በተባለ አነስተኛ የኩሽኔታ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው መሥራች ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድ የተባለውን ቀደምት ፕላስቲክ በመሥራት የሚታወቅ የፈጠራ ሰው ነበር። ፋብሪካው ግን በኪሳራ ሊዘጋ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ የስሎን አባትና አንድ ባልደረባው 5,000 ዶላር አውጥተው ፋብሪካውን አተረፉት፤ አመራሩም በወጣቱ ስሎን እጅ ገባ።

የመኪና ኢንዱስትሪ ሲስፋፋ የሃያት ኩሽኔታ ለፎርድና ለሌሎች መኪና ሠሪዎች የግድ አስፈላጊ ዕቃ ሆነ። የካዲላክ መሪ የነበረው ሄንሪ ሌላንድ ኩሽኔታዎቹ በልክ ትክክል አለመሆናቸውን ባሳየው ጊዜ ስሎን አንድ ትልቅ ትምህርት ቀሰመ። በሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎች ሲሠሩ እያንዳንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር በትክክል ካልተመሳሰለ መለዋወጥ አይቻልም። ስሎን ይህን የልክ ነገር ከብረት አልፎ ወደ ሒሳብ መዝገብና ወደ ሪፖርት ያሸጋገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በ1916 የጄኔራል ሞተርስ መሥራች ዊሊያም ዱራንት ሃያትን በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያም ዴልኮን፣ ሬሚንና ሌሎች የመለዋወጫ ፋብሪካዎችን ጨምሮ ዩናይትድ ሞተርስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመና ስሎንን ፕሬዚዳንት አደረገው። ስሎን ከአንድ በላይ ፋብሪካ ሲመራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የየፋብሪካው ሒሳብ በተለያየ ዘዴ ስለሚሠራ አንዱን ከሌላው ማወዳደር አልተቻለውም፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዘዴ ሒሳብ እንዲይዙ አደረገ። በ1918 ዩናይትድ ሞተርስ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሲቀላቀል ስሎን የትልቁ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ።

የ1920 ቀውስ

ዱራንት ጄኔራል ሞተርስን የመሠረተው በ1908 ነው። ኩባንያውን ያሳደገው ሌሎች ኩባንያዎችን እየገዛ በመጨመር ነበር፤ ካዲላክ፣ ኦልድስሞቢልና ኦክላንድ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። እያንዳንዱ እህት ኩባንያ ግን የራሱ ገንዘብ ያዥ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብና የራሱ የግዢ መንገድ ነበረው። የፋብሪካ ማስፋፊያ ገንዘብ ሲጠየቅ የክፍሎቹ ኃላፊዎች በኮሚቴ ተቀምጠው እርስ በርስ ድምፅ ይለዋወጡ ነበር። አንዱ የሌላውን ጥያቄ የሚደግፈው በተራው የእርሱ ጥያቄ እንዲደገፍለት ነው። የጠቅላላው ወጪ ስንት እንደ ደረሰ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በ1920 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲያሽቆለቁል የመኪና ገበያ በድንገት ቆመ። ክፍሎቹ ግን ብረት፣ ጎማና እንጨት መግዛታቸውን አላቆሙም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የወጣውን ገደብ እየጣሱ ያከማቹት ዕቃ ዋጋ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ዋናው መሥሪያ ቤት ግብርና የዕቃ ዕዳ የሚከፍልበት ገንዘብ ሲያጣ፣ ጥሬ ገንዘብ የነበራቸው ክፍሎች ያላቸውን መጠን ይደብቁ ነበር። የቢዩክ ክፍል ዋና መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ እንዳይወስድበት ሪፖርቱን ሆን ብሎ ያዘገይ እንደ ነበር ስሎን በኋላ ጽፏል። ዱራንት የኩባንያውን አክሲዮን ዋጋ ለመደገፍ በብድር ሲገዛ የግል ሀብቱን አጥቶ በኖቬምበር 1920 ከሥልጣን ወረደ። የትልቁ ባለ አክሲዮን ቤተሰብ መሪ ፒየር ዱ ፖንት በቦታው ተተካ።

ስሎንም በዚያው ዓመት ኩባንያውን ጥሎ ለመሄድ አስቦ ነበር። የአንድ ወር ፈቃድ ወስዶ አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ ግን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ለማየት ወሰነ።

የአደረጃጀት ጥናቱ

ስሎን ከቀውሱ ቀደም ብሎ ስለ ኩባንያው አደረጃጀት አንድ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። ዱራንት አንብቦት በመልካም ቢቀበለውም ሥራ ላይ አላዋለውም። አዲሱ አመራር ግን በ1920 መጨረሻ ጥናቱን የኩባንያው መመሪያ አደረገው።

ጥናቱ በሁለት መርሖዎች ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያው የየክፍሉ ኃላፊ በሥራው ላይ ያለው ኃላፊነት አይገደብም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለኩባንያው ጤናማ ዕድገት አንዳንድ ሥራዎች በማዕከል መመራት የግድ ነው ይላል። ሁለቱ መርሖዎች እርስ በርስ እንደሚጋጩ ስሎን ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ አምኗል። ሆኖም ዋናው ነገር በዚህ ግጭት ውስጥ ያለ ነበር። ሁሉ ነገር ከማዕከል ከታዘዘ የክፍሎቹ ኃላፊዎች ተላላኪ ይሆናሉ፤ ሁሉ ነገር ለክፍሎች ከተተወ ደግሞ የ1920 ቀውስ ይደገማል። የስሎን የኋላ ሥራ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ድንበር እያስተካከለ ማስመር ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ወጥ ሒሳብ

በአፈጻጸሙ ዋናው ረዳቱ ከዱ ፖንት ኩባንያ በ1921 መጀመሪያ የመጣው የፋይናንስ ባለሙያ ዶናልድሰን ብራውን ነው። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ክፍሎቹ ሁሉ ሒሳባቸውን በአንድ ዓይነት መደብ እንዲመዘግቡ ተደረገ፤ በ1923 ደግሞ ለመላው ኩባንያ የሚያገለግል የሒሳብ አያያዝ መመሪያ ወጣ።

የክፍሎች ብቃት መለኪያ የትርፉ መጠን ብቻ መሆኑ ቀርቶ በሥራ ላይ ከዋለው ካፒታል ጋር የተነጻጸረ ትርፍ ሆነ። ለምሳሌ አንድ ክፍል በ10 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል 2 ሚሊዮን፣ ሌላው በ30 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል 3 ሚሊዮን ቢያተርፉ፣ በብር ብዛት ሁለተኛው ይበልጣል። በካፒታል ሲመዘን ግን የመጀመሪያው 20 በመቶ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ብቻ አግኝቷል። ብራውን ይህን መለኪያ በሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚተርፈው ድርሻ፣ ሁለተኛው ካፒታሉ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። በዚህም ድክመቱ ከዋጋና ከወጪ የመጣ ይሁን ወይስ በመጋዘን ከተኛ ዕቃ ለይቶ ማወቅ ተቻለ።

ሌላው መሣሪያ መደበኛ የምርት መጠን የሚባለው ነው። የፋብሪካ ቋሚ ወጪ ብዙ መኪና ሲመረት ለእያንዳንዱ መኪና ጥቂት፣ ጥቂት ሲመረት ደግሞ ብዙ ሆኖ ይደርሳል። በመጥፎ ዓመት ይህን ወጪ ተከትሎ ዋጋ ቢጨመር ገበያው ይብስ ይሸሻል። ስለዚህ ዋጋ የሚተመነው በዚያ ዓመት ምርት ሳይሆን በረጅም ጊዜ አማካይ ነበር፤ ይህም በአብዛኛው ፋብሪካው ከሚችለው 80 በመቶ ገደማ ተብሎ ይወሰድ ነበር።

በክፍሎች መካከል የሚደረግ ሽያጭም ሥርዓት ያዘ። ቀድሞ መለዋወጫ ሠሪው ክፍል ወጪው ላይ የተወሰነ ትርፍ ጨምሮ ለመኪና ሠሪው ክፍል ይሸጥ ስለ ነበር፣ ወጪው ቢንርም ትርፉ አይቀርበትም ነበር። ስሎን የውስጥ ሽያጭም በውጭ ገበያ ዋጋ መመዘን አለበት ብሎ ተከራከረ። መለዋወጫ ሠሪው ከውጭ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ካልቆመ ጉድለቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ጥሬ ገንዘብና ክምችት

በ1922 የጥሬ ገንዘብ አያያዝ ተለወጠ። የክፍሎች ገቢ ሁሉ በጄኔራል ሞተርስ ስም በአሜሪካ ዙሪያ በሚገኙ መቶ ያህል ባንኮች እንዲገባ፣ ወጪውንም የማዕከሉ የፋይናንስ ክፍል እንዲቆጣጠር ተደረገ። በአንድ ከተማ የተረፈ ገንዘብ ወደ ጎደለበት በቴሌግራፍ ይዛወር ጀመር። ገንዘብ መደበቅም ሆነ አንዱ ክፍል ባለው ገንዘብ ላይ ተቀምጦ ሌላው እንዲበደር ማድረግ በዚህ አበቃ።

የዕቃ ግዢም በአራት ወር የሽያጭ ትንበያ ተገደበ። ሥርዓቱ ግን ገና አልሞላም ነበር። በ1924 የጸደይ ወራት ስሎን በሴንት ሉዊስ፣ በካንሳስ ሲቲና በሎስ አንጀለስ ያሉትን የመኪና ነጋዴዎች ለማየት ሄደ። በደረሰበት ሁሉ ሳይሸጡ የቆሙ መኪናዎች ግቢ ሞልተው አገኘ። ወረቀቱ መኪኖቹ ከፋብሪካ ወጥተው እንደ ተሸጡ ይናገራል፤ የገዟቸው ግን ነጋዴዎቹ እንጂ ነጂዎቹ አልነበሩም። ስሎን ምርት ወዲያው እንዲቀነስ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴዎች በየ10 ቀኑ ስንት መኪና ለተጠቃሚ እንደ ሸጡና ስንት እንደ ቀራቸው ሪፖርት እንዲያደርጉ ተደረገ። ከአዲስ መኪኖች የሰሌዳ ምዝገባ የሚገኘው ቁጥርም በማመሳከሪያነት ይታይ ነበር። በዚህ መንገድ ሁሉም ነጋዴ የሚሞላው አንድ ዓይነት ቅጽ የፋብሪካውን ፍጥነት የሚወስን መሣሪያ ሆነ።

ኮሚቴዎቹ

ማዕከሉ በቀጥታ ትእዛዝ ክፍሎችን ሲጫን ምን እንደሚፈጠር የታየው በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ጉዳይ ነው። የምርምር ኃላፊው ቻርልስ ኬተሪንግ በውኃና በራዲያተር ፋንታ በመዳብ ክንፎች የሚቀዘቅዝ ሞተር ሠርቶ ነበር። ፒየር ዱ ፖንት ሞተሩ በሼቭሮሌና በኦክላንድ ላይ እንዲገጠም ወሰነ፤ የክፍሎቹ መሐንዲሶች ግን አላመኑበትም። በ1923 ለገበያ የወጡት ጥቂት መኪናዎች ችግር ስላሳዩ ተሰብስበው እንዲመለሱ ተደረገ። ስሎን ፕሬዚዳንት የሆነው በዚሁ ዓመት በሜይ ወር ሲሆን፣ ከወሰናቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ሞተሩን ማቆም ነበር።

ከዚህ በኋላ የክፍሎችና የማዕከል ባለሙያዎች አብረው የሚቀመጡባቸው ኮሚቴዎች ዋናው የማስተባበሪያ መንገድ ሆኑ። የግዢ ኮሚቴ በ1922፣ የቴክኒክ ኮሚቴ በ1923 ተቋቋሙ። የግዢ ኮሚቴው በጋራ መግዛት የሚያስገኘውን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን ዕቃዎችን በመጠንና በዓይነት ማመሳሰልን ይመለከት ነበር። ውሳኔው ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን የክፍሎቹ ሰዎች ራሳቸው የተሳተፉበት በመሆኑ በሥራ ላይ ለመዋል ቀለለው።

ለእያንዳንዱ ኪስ መኪና

በ1921 ከአሜሪካ ገበያ 60 በመቶ ገደማ የፎርድ፣ 12 በመቶ ገደማ ብቻ የጄኔራል ሞተርስ ነበር። የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች በዋጋ እርስ በርስ ይሻሙ ስለ ነበር፣ ከቢዩክና ከካዲላክ በስተቀር በዚያ ዓመት ሁሉም ከሰሩ። ሼቭሮሌ ይዘጋ የሚል ምክር ከውጭ አማካሪዎች ቢመጣም ስሎን ተቃወመ። ከዚያ ይልቅ ክፍሎቹ ከሼቭሮሌ እስከ ካዲላክ በዋጋ ደረጃ እንዲደረደሩ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እንዳይነካ ተደረገ። ከውጭ የተለያዩ የሚመስሉ መኪናዎች ውስጣቸው ብዙ የጋራ ክፍሎች ነበሯቸው። በ1927 ፎርድ ሞዴል ቲን ማምረት ሲያቆም ሼቭሮሌ ቀዳሚነቱን ያዘ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ የመኪና ገበያ ግማሽ ያህሉ የጄኔራል ሞተርስ ነበር።

ባሕር ማዶ

ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ በኮፐንሃገን፣ በአንትወርፕ፣ በኦሳካና በሌሎች ከተሞች መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ከፈተ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መኪናን ገጣጥሞ መሸጥ ገደብ ነበረው። በአውሮፓ የጉምሩክ ቀረጡ ከባድ ነበር፤ በብሪታንያ ደግሞ የመኪና ግብር በሞተሩ ሲሊንደር ስፋት ስለሚሰላ ሰፊ ሲሊንደር ያላቸውን የአሜሪካ ሞተሮች ይጎዳ ነበር።

ስለዚህ ኩባንያው በ1925 የእንግሊዙን ቮክስሆል በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ1929 ደግሞ በሩሰልስሃይም ከተማ የሚገኘውን የጀርመኑን ኦፔል 80 በመቶ ድርሻ በ26 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያዘ፤ ቀሪውን በ1931 ጨረሰ። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያው ሆልደን ተጨመረ። በእነዚህ አገሮች መኪናው፣ ስሙና የሽያጭ መንገዱ ለአገሩ እንዲስማማ ተተወ፤ የገንዘብ ቁጥጥሩና የሒሳብ ዘዴው ግን ከአሜሪካ መጣ። የኦልድስሞቢል ኃላፊ የነበረው ኢርቪንግ ሮይተር ኦፔልን እንዲመራ መላኩም አሠራሩን ለማሸጋገር ጠቅሟል።

ቁጥሩ ያልመዘነው

አንድ ወጥ አሠራር የራሱ ድክመት ነበረው። በፍሊንት ከተማ የሚገኘው የፊሸር ቦዲ ፋብሪካ ለብዙ መኪናዎች የሚያገለግሉ የቦዲ ማተሚያ ቅርጾች ያሉበት ነበር። የሠራተኞች ማኅበር ይህን ስለሚያውቅ በዲሴምበር 1936 መጨረሻ ሠራተኞች ፋብሪካውን ይዘው ሥራ በማቆም ተቀመጡ። የጋራ ዕቃ የሚወጣበት ጥቂት ቦታ ሲቆም የብዙ ክፍሎች ምርት ቆመ። አድማው 44 ቀን ፈጅቶ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1937 ሲያበቃ ኩባንያው ማኅበሩን እውቅና ለመስጠት ተገደደ። ስሎን ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ሳይለቁ አልደራደርም በማለቱ ከሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ጋር ክፉኛ ተጋጭቷል። ኩባንያው የሠራተኞችን ማኅበር ለሚሰልሉ መርማሪዎች ብዙ ገንዘብ ይከፍል እንደ ነበርም የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ ወጥቷል። የሥራ ፍጥነት የሠራተኛውን አካል ምን ያህል እንደሚያደክም በየ10 ቀኑ ከሚመጣው ሪፖርት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በጀርመንም እንዲሁ ሆነ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ኦፔል ትርፉን ከአገር ማውጣት ቢከለከልም መስፋፋቱን ቀጠለ። የኦፔል ጭነት መኪና በጀርመን ጦር ዘንድ በሰፊው አገልግሏል። ስሎን በ1939 በጀርመን ያለው አገዛዝ የሚሠራው ነገር የኩባንያው ጉዳይ አይደለም የሚል አቋም ይዞ ነበር፤ ይህ አቋሙ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። በጦርነቱ ዘመን ፋብሪካዎቹ በጀርመን መንግሥት እጅ ሳሉ በግዳጅ የተወሰዱ ሠራተኞች ሠርተውባቸዋል። ጄኔራል ሞተርስ የኦፔልን አመራር እንደገና የተረከበው በኖቬምበር 1948 ነው።

የኋለኛ ዘመንና ውርስ

ስሎን በ1934 በስሙ የሚጠራውን የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን አቋቋመ። በ1945 ከኬተሪንግ ጋር በኒው ዮርክ የስሎን-ኬተሪንግ የካንሰር ምርምር ተቋም እንዲመሠረት ረዳ። ፋውንዴሽኑ በሰጠው ገንዘብ በ1952 በኤም.አይ.ቲ. የተከፈተው የኢንዱስትሪ አመራር ትምህርት ቤት ከ1964 ጀምሮ በስሎን ስም ይጠራል። ባለቤቱ በ1956 ሞተች፤ በዚያው ዓመት እርሱም ከሊቀ መንበርነት ለቀቀ።

ፒተር ድራከር በ1946 ስለ ጄኔራል ሞተርስ ያሳተመው መጽሐፍ የስሎንን አሠራር ለዓለም አስተዋወቀ፤ ስሎን ግን በመጽሐፉ አልተስማማም። የራሱን መጽሐፍ «ዓመታቶቼ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር» በሚል ርእስ አዘጋጀ። የኩባንያው ጠበቆች መጽሐፉ በሞኖፖል ክስ ማስረጃ ይሆናል ብለው በመፍራታቸው ኅትመቱ ለዓመታት ዘግይቷል። በመጽሐፉ ዝግጅት የረዳው የታሪክ ምሁር አልፍሬድ ቻንድለርም ስለ ታላላቅ ኩባንያዎች አደረጃጀት የራሱን ታዋቂ ጥናት በ1962 አሳትሟል።

ስሎን በ90 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ። ጄኔራል ሞተርስ በጁን 2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ኦፔልንና ቮክስሆልንም በ2017 ሸጠ። ተቺዎች ለዚህ ውድቀት አንዱ ምክንያት ቁጥርን ከመኪናው በላይ የሚያይ አመራር ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የስሎን ተተኪዎች በድርጅቱ ውስጥ የቅጹን አሞላል ጠብቀው፣ እርሱ ግን ከቅጹ ጋር ያደርገው የነበረውን ነገር፣ ማለትም ነጋዴው ዘንድ ሄዶ በዐይኑ ማየትን፣ እንደ ተዉት ያስረዳሉ።